ለደጅይጥኑ የተላከ ካሪ

ማስካት፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ይስማው፣ ሰቆጣ

አያ፣ የመስቀሉ ጌታ ከነቤትዎ በጤና ያሰንብትዎ። ሰው ሁሉ ለደመራ ችቦውን በሚያዘጋጅበት ሰሞን ነው የምጽፍልዎ። እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም። እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

የእናቴን ነገር አመተ ሥላሴ ነገረችኝ። በማስካትና በአዲስ አበባ መካከል ልብስ እያመላለሰች የምትነግደው የሰቆጣ ልጅ ናት። ማዳም ስልኬን ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ከቆለፈችበት ወዲህ የኔ ስልክ እሷ ሆናለች። ሐኪሙ እናቴን በርበሬ ከልክሏታል አለችኝ። እናቴ ደግሞ አልጫውን «የበሽተኛ ምግብ» ብላ ትመልሳለች፣ ከስታለች፣ እርስዎ ቤት አምጥተዋት እርስዎ ነዎት የሚያስታምሟት፣ ብላኛለች። እግዚአብሔር ብድርዎን ይክፈልዎ እንጂ እኔ ምን እላለሁ።

አያ፣ የምሠራላቸው ሰዎች ህንዶች ናቸው። ወጣቸው ሁሉ ቢጫ ነው። ካሪ የሚሉት ዱቄት አላቸው፤ እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ሌላም የማላውቀው ቅመም አንድ ላይ ተፈጭቶ። ይህኛው ሚጥሚጣ የሌለበት ነው፤ ሆድ አያቃጥልም፣ ግን የሚሸተው የጤነኛ ሰው ወጥ ነው። የማዳም አሮጊት እናት ሌላውን ሁሉ ትታ በሱ ትበላለች። እሷን ባጎረስኩ ቁጥር የራሴ እናት ፊቴ ትመጣለች። ሁለት ፓኬት ልኬአለሁ።

ለምስር እንዲህ ያድርጉ። ሽንኩርት አድቅቀው ይክተፉና በዘይት ያቁላሉት። ቀላ ሲል እሳቱን ይቀንሱና የሻይ ማንኪያ ግማሽ ካሪ ይጨምሩበት። ዘይት ካልነካው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ይመራል፤ ስለዚህ ሽታው እንደመጣ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ የታጠበውን ምስር። ለሽሮም ለድንችም መንገዱ ይኸው ነው። ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያገባዋል ብለው እንዳይቆጡኝ፤ ባለቤትዎ ካረፈች ወዲህ ማን አለ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ። የሥራ ውሌ ለፋሲካ ያልቃል። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው። እናቴ ከበላችና ለመንገድ ከበረታች እፈርማለሁ፤ በማገኘው አዲስ አበባ ወስደን ደህና ሐኪም እናሳያታለን። ካልበላች ግን ሁሉም ይቅርብኝ፣ መጥቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የምወስነው በእርስዎ ቃል ነውና እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ትሁት


ሰቆጣ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት

በሰው አገር የሚጠብቅ አምላክ ካንቺ አይራቅ። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ዓይኔ መርፌ ማየት እየሰለቸው ነው እንጂ እጄ ገና ይሰፋል።

ካሪሽ ደረሰ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ወልድያ ከርሞ ነው የመጣ። ፌስታሉን ሳልፈታው ሽታው የስፌት መኪናዬን አልፎ በረንዳውን ሞላው። ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ «ጋሼ፣ ሽቶ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ።

የሻይ ማንኪያ ግማሽ ማለትሽን በደንብ አንብቤአለሁ። ነገር ግን በርበሬ በጭልፋ ሲጨመር እያየ ያደገ ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲያይ ይስቃል። እኔም ሳቅሁና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። ያን ምስር ውሻ እንኳ አሽትቶ ዞር አለበት። በዚያ ላይ እጄን ታጥቤ ጸዳሁ ብዬ ለሙሽራ የምሰፋው ነጭ ቀሚስ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እርድ ደግሞ እንደ ዘመድ ሐሜት ነው፣ በሳሙና አይለቅም። ጎረቤታችን ዝናሽ ሳቋን መያዝ አቅቷት ማማሰያውን ከእጄ ቀማችኝ። «አያ፣ ወንድ ወደ ጓዳ አይግባ ያሉት ለክብሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለምስሩ አዝነው ነው» አለች።

ሁለተኛው ተሳካ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እናትሽ ፓኬቱን አምጡ አለች። ፓኬቱ ላይ ለካ የዶሮ ወጥ ሥዕል አለበት! «ዶሮ ተስሎበት ጾም ነው ትሉኛላችሁ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምለን ተገዝተን አልሰማ አለች፤ በአማርኛ የጀመረችውን ቁጣ በኽምጥኛ ጨረሰችው። የንስሐ አባቷን መምሬ ወልደ ሐዋርያትን አስጠራሁ። አሸተቱ፣ በጣታቸው ቀመሱ። «ደጅይጥኑ፣ አብሽና ድንብላል ነው። ዶሮዋ ወረቀቱ ላይ ናት እንጂ ዱቄቱ ውስጥ የለችም» አሏት። አያይዘውም፣ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታለታል፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ ቢሏት ተቆጣቻቸው። «አባ፣ ዕድሜ ልኬን የያዝኩትን ለጨጓራ ብዬ ልልቀቅ?» አለቻቸው።

ከዚያ በላች። ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልሽ። ቀስ እያለች፣ እንጀራውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ የቀረበላትን ጨረሰች። «የማን አገር ወጥ ነው?» ብትለኝ «የልጅሽ» አልኳት። ሳህኑን ጠረገችው። ከዚያ ወዲህ ድንቹንም ሽሮውንም ይዘናል። የበላችው ለወጡ ብላ ይሁን ላንቺ ብላ እኔ አልለየሁትም።

ይህን ጻፍልኝ ብላለች፦ «እሳት አይንካት፤ ክፉ ዓይን አይያት፤ የሰው ቤት ሰው ያድርጋት እንጂ አያጥፋት፤ ለአገሯ ያብቃት።»

አጎትሽ ይስማው


ማስካት፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ለአያ ይስማው

እንኳን ከልደቱ ወደ ጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። ደብዳቤዎን ጓዳ ቆሜ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ማዳም መጥታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «እናቴ በላች» አልኳት። ምን እንደሚያስቅ አልገባትም።

አያ፣ የእናቴን ምርቃት ቆርጬ ከመስቀሌ ጋር አስሬዋለሁ። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ አበስላለሁ። ጠዋት ለልጆቹ፣ ቀትር ለአሮጊቷ፣ ማታ ለእንግዳ። እኔ ቆሜ ነው የምበላው፤ «ነይ ጎራርሺ» የሚለኝ የለም። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። የጓዳው መስኮት የሚያሳየኝ የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱን ሳይ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ስሜን የሚጠራ ሰው ስለሌለ ራሴ «ትሁት» ብዬ እጠራዋለሁ። ይህን ለእናቴ አያንብቡላት።

አሁን ፍስክ ነውና እንቁላል ይሞክሩላት። ሁለት እንቁላል ቀቅለው ይላጡና ጎን ጎኑን በቢላ ጫር ጫር ያድርጉት፤ ወጡ ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው። ሽንኩርቱ ላይ ካሪው ከገባ በኋላ ቲማቲም ይጨምሩበት፣ ሲፈርስ እንቁላሎቹን ያስቀምጡበትና ትንሽ ይንተክተክ። ሰውነት ይጠግናል ይላሉ።

ማዳም መልስ እየጠበቀች ነው። ቃልዎ ሳይደርሰኝ ምንም አልላትም ብያለሁ። እንቁላሉን በላች ወይስ አልበላችም፣ ይጻፉልኝ።

ትሁት


ሰቆጣ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

ትሁት ልጄ

እናትሽ ሞተችብኝ። ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ። ከአባትሽ ጎን ቀበርናት።

ከጥምቀት ወዲህ ምግብ በአፏ አልዞረም። ውሃውንም በጥጥ ነበር። ግን በየቀኑ «ያንን የልጄን ወጥ ሥራ» ትለኝ ነበር። እሠራለሁ፣ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ሳህኑን አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ዓይኗን ጨፍና ስታሸት ቆይታ «በል አሁን አንተ ብላው» ትለኛለች። «ሳህኑ ባዶ ይሁን። ልጄ ስትጠይቅህ፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተነሣ ብለህ ጻፍላት፤ ውሸት አይሆንብህም።» እንጥራት ወይ ብላት «መጥታ አጥንቴን ልትቆጥር ነው?» አለች። እኔም በላሁት። እንባዬን እየዋጥኩ በላሁት። አሁን ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ።

ይህን ልልክልሽ ጽፌ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ከለከሉኝ። «መርዶ በወረቀት አይላክም። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኙን ይዞ ነው የሚነገር። እዚያ ብቻዋን ስትወድቅ ማን ያነሣታል?» አሉ። ለፋሲካ ውልሽ ያልቃል፤ ስትመጪ መናኸሪያው ድረስ ሄደን ተቀብለን፣ እዚህ ቤት አስገብተን እንነግርሻለን። እስከዚያ ደህና ናት በል አሉኝ። ዘመዱም ሁሉ ይህንኑ አለ፤ የአመተ ሥላሴ እናትም ለልጇ እንዳትነግር ቃል ገባች።

እኔ ግን አንቺ የጻፍሽውን አውቃለሁ። በላች ካልኩሽ ትቀሪያለሽ። አልበላችም ካልኩሽ በዚያ በሰው ቤት ውስጥ ብቻሽን ታብጃለሽ። ምን ብዬ ልጻፍ?

(እዚህ ላይ ተቋርጧል)


ሰቆጣ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የጥር ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። እናትሽ ደህና ናት። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚነሣው። እንቁላሉንም እንዳልሽው ሠራሁት፤ ጎኑን በቢላ ጫርኩት፣ ቲማቲሙም ፈረሰ። ሁለቱንም በላች። ዝናሽ ሰላም ብላሻለች።

ቢሆንም ነይ። ውሉን አትፈርሚ። ምግብ መብላቷ ሌላ፣ ናፍቆት ሌላ ነው። ለፋሲካ እዚህ እንድትሆኚ እንፈልጋለን። ትመርቅሻለች።

አጎትሽ ይስማው


ማስካት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ይስማው

አያ፣ አምላክ ደስታዎን ይጨምርልዎ፤ የኔን ሞልቶታል። ሁለቱንም በላች? ያቺ ግማሽ እንጀራ ያቃታት ሴት? ደብዳቤውን አመተ ሥላሴ በበሩ ቀዳዳ አቀበለችኝና እዚያው ተንበርክኬ አነበብኩት።

ነይ ማለትዎ ከናፍቆትዎ መሆኑ ገብቶኛል። እኔም ልቤ ሻንጣዬን ካዘጋጀ ቆይቷል። ግን እንዲህ ከጠነከረች አሁን ነው ማሳከም። ባዶ እጄን መጥቼ አብሬያት ብቀመጥ ጨጓራዋን አያድንልኝ። ፈረምኩ አያ። ማዳም ወረቀቱን ከፓስፖርቴ ጋር አድርጋ ሳጥኗ ውስጥ አስገባችው። ሁለት ዓመት ነው፣ ያልፋል። እርስዎ ብቻ እንዲህ እያጎረሱ ያቆዩልኝ።

ትልቁን ፓኬት ልኬአለሁ። ሥዕሉ የአትክልት ነው፤ እንዳትቆጣ ብዬ ነው በአመተ ሥላሴ አስመርጬ ያስገዛሁት።

ትሁት


ማስካት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይስማው

መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልዎ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ለማዳም ልጆች እንቁላል እየቀቀልኩ ነበር። እዚህ ቤት ፋሲካ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዱን ላጥኩና፣ ተፈታ፣ ልቅመሰው ብዬ ወደ አፌ ሳስጠጋው እናቴም አሁን እየፈታች ይሆናል አልኩ። ያኔ እጄ ቆመ። ደብዳቤዎን ከብብቴ አወጣሁ። መጋቢት 8 ይላል። ሁዳዴ ነው።

አያ፣ እናቴ ወረቀት ላይ የተሳለች ዶሮ የፈራች ሴት ናት። ካህን ፈቀዱልሽ ሲሏት የተቆጣች ሴት ናት። በሁዳዴ ሁለት እንቁላል በላች ብለው ጻፉልኝ። እርስዎም በሁዳዴ እንቁላል የሚቀቅሉ ሰው አይደሉም። ደብዳቤውን ደግሜ ሳየው ምርቃቷም የለም። «ትመርቅሻለች» ብቻ ይላል። እናቴ እንዲህ በደፈናው መርቃኝ አታውቅም።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እርስዎን ብሆን እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም። አልቆጣም፤ ለመቆጣትም አቅም የለኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ንጋት ግን ከፈረምኩ በኋላ መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለማዳም እናቴ ሞታለች መሰለኝ አልኳት። «መቼ ሞተች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ማንም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ልጆቹ ይርባቸዋል አለችኝ። ሄጄ አበሰልኩ።

ሽንኩርት እያበዛሁ እከትፋለሁ። ህንዶች ሽንኩርት ስለሚወዱ ማንም አይጠረጥረኝም። ይህ ግን ለቅሶ አይደለም አያ። ያልተነገረው ሰው ኀዘንተኛ አይደለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አልለብስ፣ ስሟን ጠርቼ አልጮህ፤ ምናልባት አለች እያልኩ ደግሞ እንደገና ሽንኩርት እከትፋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት አልዘልቅም።

መምሬ አይሆንም እንደሚሉ ይታወቀኛል። ቢሆንም እለምንዎታለሁ፤ ከሞተች መርዶዬን ይንገሩኝ። ቀኗን ይጻፉልኝ።

ትሁት


ሰቆጣ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የመጀመሪያውን አንብቤ ፈረምኩ የምትይበት ላይ ስደርስ ሁለተኛውን የምከፍትበት እጅ አጣሁ። ነይ ብዬ መጻፌ ይበቃል ብዬ ነበር። ነይ ማለቱና በላች ማለቱ አንድ ወረቀት ላይ አብረው እንደማይኖሩ አላሰብኩትም። ሁዳዴ መሆኑንም የረሳሁት እኔው ነኝ፤ ከቀበርኳት ወዲህ ጾሙም ፍስኩም ጠፍቶብኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ፤ ይህን ተሸክሜ እኖራለሁ።

ደብዳቤሽን ለመምሬ ወልደ ሐዋርያት አነበብኩላቸው። እሳቸውም «እንግዲያው እንደ ወጉ ይሁን» አሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በማለዳ ነው። መምሬ በቀኜ ተቀምጠዋል። ዝናሽ በግራዬ ናት። ከጋዝጊብላ የአባትሽ ዘመዶች ትናንት በእግር መጥተው እዚህ አድረዋል። የአመተ ሥላሴ እናትም አለች። ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። አንቺም ይህን በማለዳ ክፈቺው። ቁጭ በይ። ግድግዳ ተደገፊ። ጎንሽን የያዝንሽ እኛ ነን ብለሽ አስቢ።

ትሁት ልጄ። እናትሽ ደጅይጥኑ የካቲት 9 ቀን እሑድ ጠዋት ዐርፋለች። በደንብ ፍትሐት ተደርጎላታል፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀብሯታል። የልጇን ወጥ አሽትታለች እንጂ እንደጻፍኩልሽ አልበላችም። ከጥምቀት ወዲህ ባዶ ሆኖ የተነሣውን ሳህን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ብላው ያለችኝም እሷ ናት። የመጨረሻ ቃሏ ያንቺ ስም ነበር።

አሁን አልቅሺ። እኛም እያለቀስን ነው፤ ይህ ፊደል የተበላሸው ለዚያ ነው።

የላክሽው ትልቁ ፓኬት እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ አለ። ልከፍተው አልቻልኩም፣ ልጥለውም አልቻልኩም። ማዳምሽ ቀኑን ከጠየቀችሽ ይህን ወረቀት አሳያት፤ ካህን ፈርመውበታል። ትልቀቅሽ አትልቀቅሽ አላውቅም። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሁለት ዓመት መቆየቴንም አልምልልሽም።

ዝናሽ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መርዶ የሰማ ሰው ቤት እሳት አይነድም። ጎረቤት እንጀራውንም ወጡንም ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛዋ አልበላም ብትልም አፏን ይዞ ያጎርሳታል። «ለትሁት ማን ያመጣላታል?» አለችኝ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ፊትሽን ታጥበሽ የሰው ቁርስ ትሠሪያለሽ።

አጎትሽ ይስማው